መልስ፦ ያለ ዲግሪ ደብረ ብርሃን ላይ ጥሩ ገቢ የሚያስገኝ ሙያ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ስላልመጣልህ ምን ብማር ያዋጣኛል ብለሃል። የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ተማር። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብሱ፣ የቢራው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተማ ነው። ማሽን በቆመ ቁጥር ባለቤቱ ይከስራል፤ ቶሎ የሚያስነሳለትን ሰው ይፈልጋል።

1. ቴክኒክና ሙያ ግባ። ሲኦሲውን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና ፈተናውን፣ ሳታልፍ እንዳትወጣ።

2. ከዚያ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ተቀጠር። እውነቱን ልንገርህ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ትንሽ ነው። ሙያው የሚገባህ ግን እዚያ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) እያጉረመረመ አልዞር ካለ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ፌዝ ጠፍቷል። ደጋግሞ ላስነሳው የሚል ሰው የሞተሩን የሽቦ ጥቅልል ያቃጥለዋል። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ ፊውዙንና ኮንታክተሩን፣ ማለትም ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ፣ የሚለካ ግን ችግሩን ቶሎ ያገኘዋል። ይህን የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው።

3. እጅህ ሲፍታታ የራስህን ሥራ ያዝ፦ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ የውሃ ፓምፕ። ደህና ገንዘብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ መንዝና ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወጣም ሥራ አታጣም።

አንድ ነገር አደራ። «ፋብሪካ አስገባሃለሁ» ለሚል ደላላ ቅድሚያ ብር እንዳትሰጥ። ከፍለው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ማስታወቂያውን ራስህ ሄደህ አንብብ፣ ማስረጃህንም በእጅህ አስገባ።