የጃፓን ጎራዴ በጨረታ ለምን ያን ያህል ያወጣል?

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት አርፈው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲሸጡ ያረጀ የጃፓን ጎራዴ በ200 ዶላር ገዛሁ። አባታቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው አሉኝ። ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ በ300 ዶላር ሲሸጥ፣ ለእኔ ዓይን ቁርጥ እሱን የሚመስለው ደግሞ በ40 ሺህ ወጥቷል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ዝገቱን ፈግፍጌ ላጽዳውና ልሽጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርጭቆ ወረቀት ገዝተህ ከሆነ መጀመሪያ መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ሰው ያንን ሁሉ ብር የሚያወጣው ለስለቱ አይደለም። ለዕድሜውም ብቻ አይደለም፤ 400 ዓመት የሞላው ሆኖ በጥቂት ሺህ ዶላር የሚሸጥ ጎራዴ ሞልቷል። ገንዘቡ የሚከፈለው ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ እርግጠኛ መልስ ሲገኝ ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ከእጀታው ሥር ነው።

እጀታውን የሚይዘው አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። እሷ ስትወጣ እጀታው ይላቀቅና ማንም የማያየው የብረቱ ጭራ ይወጣል። ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። ይህ ክፍል አይወለወልም፣ አይሳልም። ቀጥቃጩ ሞርዶ ከጨረሰው ቀን ጀምሮ ዝም ብሎ ይዝጋል። እንግዲህ አዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ዝገት ነው። የ600 እና የ700 ዓመቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብረቱ ላይ ለስልሶ ተኝቷል፤ የ1940ዎቹ ገና ቀላ ያለ ወይም ግራጫ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሞረዱ በየት አቅጣጫ እንደሄደ እንኳ የየትኛው የቀጥቃጮች ቤት ሥራ እንደሆነ ይጠቁማል። የችንካሩ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ከሆነ እጀታው ተቀያይሯል ማለት ነው። አሁን ገባህ? አንተ ልታጸዳው ያሰብከው ዝገት የጎራዴው መታወቂያ ነው። እሱን ፈግፍጎ አብረቅርቆ ጨረታ የሚያመጣ ሰው በገዛ እጁ ዋጋውን አወረደው።

እዚያው ላይ የሠሪው ስም ተቀርጾ ልታገኝ ትችላለህ። ግን ስም አየሁ ብለህ እልል እንዳትል። በታላላቆቹ ስም ሐሰተኛ ፊርማ መቅረጽ ጃፓን ውስጥ የቆየ ንግድ ነው፤ ጥንትም አጭበርባሪ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ምንም ስም የሌለበት ጎራዴ ስም ካለበት አሥር እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ድሮ ለፈረሰኛ የተሠሩ ረጃጅም ጎራዴዎች ኋላ ላይ ለእግረኛ እንዲመቹ ከጭራቸው በኩል ተቆርጠዋል፤ ፊርማውም አብሮ ተቆርጦ ቀርቷል። ታዲያ በምን ይታወቃል? በብረቱ። ቀጥቃጩ ስለቱን በጭቃ ለብጦ፣ ጀርባው ላይ አወፍሮ ጠርዙ ላይ አሳስቶ፣ አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ጠርዙ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ጀርባው ይለሰልሳል፣ ጎራዴውም እዚያው ውኃ ውስጥ ይጎብጣል። አንዳንዱ ይሰነጠቅና የስንት ቀን ድካም ገደል ይገባል። ከተረፈ ግን በሁለቱ መካከል ነጭ ጉም የመሰለ መስመር ይቀራል፤ ሃሞን የሚባለው እሱ ነው። ባለሙያው ያንን መስመር መብራት ሥር ገልበጥ ቀና እያደረገ አይቶ የየትኛው የቀጥቃጮች ቤት እጅ እንደሆነ ይነግርሃል። ቶኪዮ ውስጥ በ1948 የተቋቋመ የጎራዴ ጥበቃ ማኅበር አለ፤ መርምሮ በአራት ደረጃ ወረቀት ይሰጣል። ከላይኛው ሁለት ደረጃ ወረቀት የያዘ ጎራዴ ዋጋው ሌላ ነው።

ከዚያ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ አለ። መንግሥት በ1876 ጎራዴ ታጥቆ መሄድን ከለከለ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ አሜሪካኖቹ ሰበሰቡ፤ ብዛት ያለው ቀለጠ፣ ባሕር ተጣለ፣ ወይም በወታደር ሻንጣ አሜሪካ ገባ። የጃፓን ባለሙያዎች ጥሩዎቹ የጥበብ ሥራ ናቸው ብለው ባያሳምኑ ኖሮ የቀረውም አይቀርም ነበር። ሆንጆ ማሳሙኔ የሚባለው ጎራዴ፣ ድሮ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ ቤተሰብ ለዘመናት የያዘው የአገር ቅርስ፣ በዚያን ዓመት ታኅሣሥ ቶኪዮ ውስጥ ለፖሊስ ጣቢያ ተሰጠ፤ ከዚያ ለአሜሪካ ወታደር ተላለፈ፤ እስከ ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም። በብሔራዊ ቅርስነት የተመዘገቡት ደግሞ ከጃፓን አይወጡም። ስለዚህ ኒውዮርክና ለንደን ጨረታ ላይ የሚወጣው ጥሩ ጎራዴ ጥቂት ነው።

ግን የሚገርሙት ዋጋዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ታዋቂ የሆነው ነው። ዋልተር ኮምፕተን የሚባል የኢንዲያና የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ የሰበሰባቸው ጎራዴዎች በ1992 ኒውዮርክ ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ቤት ሲሸጡ አንዱ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጎራዴ 418 ሺህ ዶላር አወጣ። (ይኸው ሰው አትላንታ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ያገኘው ጎራዴ ከካጎሺማ ቤተ መቅደስ የጠፋ ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ሲገኝ በ1963 በነፃ መልሶላቸዋል። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል።) ጨረታ ባይሆንም፣ በ2020 ሴቶውቺ የምትባል ከተማ ሳንቾሞ የተባለውን ጎራዴ ከባለቤቱ ላይ በ500 ሚሊዮን የን ገዝታለች፤ ገንዘቡን ያዋጣው ሕዝብ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ያንተን የሚመለከተው ነው። በጦርነቱ ጊዜ መኮንኖች ብዙዎቹ ፋብሪካ የሠራውን ታጠቁ፤ አንዳንዶቹ ግን የቅድመ አያታቸውን ስለት የወታደር እጀታና አፎት ውስጥ አስገብተው ዘመቱ። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሰፈር አጫራች የጃፓን ጎራዴ፣ 500 ዶላር ብሎ ይለጥፋል። ፎቶው ላይ የናካጎውን ቀለም ያዩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ኦሳካ አንዱ ለንደን ሆነው፣ በስልክ ይፋለማሉ። ዋጋው ሰማይ የሚነካው በሁለቱ ነው፤ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ በ600 ወስዶት ይሄድ ነበር።

አሁን ያንተን እይ። እጀታው በችንካር ሳይሆን በብሎን የታሰረ ከሆነና ስለቱ ላይ፣ ከእጅ መከላከያው አጠገብ፣ ተራ ቁጥር ከተመታበት የበታች ሹም የፋብሪካ ጎራዴ ነው። ችንካር ካለው በለስላሳ ግፊት አውጣት፣ እንቢ ካለች አትቀጥቅጣት፣ ወደሚያውቅ ሰው ውሰደው። ናካጎውን ከሁለቱም ጎን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሳ። ስለቱን በጣትህ አትንካ፣ የእጅ ላብ ያዝገዋል። ቀጭን ዘይት ቀባ አድርገህ መልሰው። ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ እንዳለችም ፈልግ፤ ካለች ዋጋው ወደቀ። ስለቱን የሚስልና የሚወለውል ሰው ካስፈለገም የጃፓኑን ሙያ የተማረ ይሁን፤ በሺዎች ዶላር ያስከፍላል፣ ያስጠብቃልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አስመርምረው።

የፋብሪካው ሆኖ ከተገኘም አልከሰርክም። የጦርነቱን ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች እውነተኛውን ከ200 በላይ ይገዙሃል፤ ግን የዚህኛው ዓይነት አስመስሎ የተሠራ ገበያውን ስለሞላው እሱንም ሳታሳይ እንዳትሸጥ።