«ይህ ዝርዝር ነው እንጂ ሪቪው አይደለም» ለተባለችው እህታችን

የእህታችንን ጥያቄ አነበብኩት። የማስተርስ ቴሲሷ (የመመረቂያ ጥናቷ) ሴፍቲኔት በአንድ ወረዳ የምግብ ዋስትና ላይ ያመጣውን ለውጥ ይመለከታል፤ ሴፍቲኔት ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚከፍል የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ምዕራፍ ሁለትን፣ ማለትም ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶች የሚገመገሙበትን ክፍል (ሪቪውን)፣ ጽፋ አስገባች። አማካሪዋ ደግሞ «ይህ ዝርዝር ነው እንጂ ሪቪው አይደለም» ብለው መለሱላት። ብዙ አንብባለች፤ ምን እንደጎደለ ግን አልገባትም። እኔም የሠራሁት በዚሁ ርዕስ ላይ ነው፤ አሁንም የተማሪዎችን ፕሮፖዛል አነባለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እህቴ፣ ያነበብሽው ከንቱ አልቀረም። ችግሩ ያነበብሻቸው ሰዎች እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው። የብዙ ተማሪ ምዕራፍ ሁለት እንዲህ ነው የሚሄደው፦ «እከሌ (2009) ይህን አገኘ። እከሊት (2011) ደግሞ ያንን አገኘች።» ለአንድ ፔፐር አንድ አንቀጽ። እስቲ አንቀጾችሽን ቦታ አቀያይሪያቸው። ምንም የማይበላሽ ከሆነ አማካሪሽ ልክ ናቸው።

በራስሽ ርዕስ እንየው። ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2005። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው። ጊሊጋንና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ፕሮግራሙ በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው አሉ። ጉሽ ብርሃነና ባልደረቦቹ በ2014 ያሳተሙት ግን ሌላ ይላል። አምስት ዓመት የቆዩ ቤተሰቦች፣ አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ምግብ የሚያጥርበት ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ቀንሶላቸዋል።

ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል። አንቺ እዚህ ጋ ቁሚ። ለምን ተለያዩ? መልሱን አብስትራክት (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ላይ ብቻ አታገኚውም፤ ዳታውና ዘዴው የተጻፈበት ክፍል ውስጥ ግቢ። የመጀመሪያው ጥናት መረጃ የተሰበሰበው በ2006 ነው፤ ፕሮግራሙ ገና እግሩን ሳይተክል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የተከፈለው ከታቀደው በጣም ያነሰ እንደነበር ጽፈዋል። ከታቀደላቸው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ቤተሰቦች ግን በአንዳንድ መለኪያዎች ተሻሽለዋል። የግብርና ድጋፍ ፓኬጅ የተጨመረላቸውም የተሻለ የምግብ ዋስትና ነበራቸው። ሁለተኛው ጥናት የሚመዝነው ደግሞ የቆይታን ርዝመት ነው። እንግዲህ ሁለቱ ተጣልተዋል ማለት አይቻልም። ስንት ተከፈለ፣ ስንት ዓመት ተከፈለ የሚለው ውጤቱን ይወስነዋል ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር አንቺ ነሽ የምትጽፊው፤ ማንም ቀድሞ ጽፎ አያስቀምጥልሽም። ሪቪው የሚባለውም ይኸው ነው።

አሁን ሦስተኛውን ጨምሪ። ሳባተስ ዊለርና ዴቬሮ በ2010 የክፍያውን ዓይነት ጠየቁ፤ ጥሬ ገንዘብ ወይስ እህል? የምግብ ዋጋ ሰማይ በነካበት ሰዓት፣ እህል ወይም እህልና ገንዘብ ቀላቅለው ያገኙት ገንዘብ ብቻ ካገኙት የተሻሉ ነበሩ። ካሚላ አንደርሰንና ባልደረቦቿ በ2011 ደግሞ የቆጠሩት ከብትና ዛፍ ነው። የተሳታፊዎቹ ዛፍ ጨመረ፤ ከብትም ሆነ ዛፍ እንዲቀንሱ እንዳደረጋቸው የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም። በአንዱ ፔፐር «ለውጥ» ማለት የምግብ ክፍተት ወራት (ምግብ የሚያጥርባቸው ወራት) ነው፤ በሌላው ደግሞ ሀብት ነው። መለኪያቸው የተለያየ ጥናቶችን «ይጋጫሉ» ብለሽ ብትጽፊ ዲፌንስ ላይ፣ ቴሲስሽን በፈታኞች ፊት ስታቀርቢ፣ ትያዢያለሽ።

ስለዚህ ምዕራፉን በሰው አትከፋፍይው፤ በጥያቄ ከፋፍይው። መጠንና ቆይታ አንድ ክፍል፣ ጥሬ ገንዘብና እህል ሌላ ክፍል፣ ሀብትና የምግብ ክፍተት ሌላ። አንድ ፔፐር ሁለት ሦስት ቦታ ቢመላለስ ምንም አይደል፤ እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው።

ይህን ለማድረግ ኤክሰል ክፈቺ። በየረድፉ አንድ ፔፐር አስገቢ። ዓምዶቹ የት ተጠና፣ መረጃው የየትኛው ዓመት ነው (የታተመበትን ሳይሆን)፣ ዘዴው፣ ምን ለካ፣ ምን አገኘ የሚሉ ይሁኑ። የመጨረሻውን ዓምድ አደራ እንዳትዘይው፦ «ከማን ጋር ይስማማል፣ ከማን ይለያል፣ ለምን?» ይህ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ፔፐር ገና አላነበብሽውም ማለት ነው፤ ተመለሺበት።

ፔፐር ለማግኘት ጉግል ስኮላር ላይ አንዱን ዋና ጥናት ያዢና ማን እንደጠቀሰው ተከታተይ። የአገር ቤት መጽሔቶችን አጆል (የአፍሪካ የጥናት መጽሔቶች የተሰበሰቡበት ድረ ገጽ) ላይ ፈልጊ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴሲስ ማከማቻም ኦንላይን አለ፤ ወረዳሽን ወይም ጎረቤቷን ያጠና ሰው ካለ መጀመሪያ የምታገኚው እዚያ ነው። ዝግ የሆነ ፔፐር ከገጠመሽ የላይብረሪ ሠራተኞችን ስለ ሪሰርች ፎር ላይፍ ጠይቂ፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላሉ ተቋማት ዝግ ፔፐሮችን የሚከፍት ፕሮግራም ነው። ቻትጂፒቲ የሰጠሽን ማጣቀሻ ግን ፔፐሩን ራሱን ከፍተሽ ሳታዪ እንዳታስገቢ። የሌለ ፔፐር ከእውነተኛ ሰው ስም ጋር አስማምቶ ይሰጣል።

«ድህነት ምንድን ነው»፣ «ምግብ ዋስትና ምንድን ነው» እያሉ ገጽ መሙላት ይቅርብሽ። የምትለኪበትን ትርጉም ብቻ ጻፊና እለፊ።

ስለ ስምም አንድ ነገር። ዞተሮ (ማጣቀሻ የሚያደራጅ ሶፍትዌር) ኢትዮጵያዊን በመጨረሻው ስሙ ነው የሚደረድረው። በ2009ኙ ጥናት ውስጥ ያሉት ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ «ታፈሰ» ተብለው ይመጡልሻል። ብዙ ዲፓርትመንቶች በራሱ ስም ይጠቀስ ይላሉ። የእናንተን መመሪያ እይና ከመጀመሪያው አንዱን መንገድ ያዢ፤ መጨረሻ ላይ ማስተካከል ያሰቃያል። የመንግሥት ሰነድ ስትጠቅሺም ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳትጽፊ አትለፊ።

የጥናት ክፍተቱን፣ ማለትም ያንቺ ጥናት የሚሞላውን ጉድለት፣ በተመለከተ «በእኔ ወረዳ አልተጠናም» ብቻ አይበቃም። ወረዳሽ ከላይ ካሉት ጥያቄዎች የትኛውን ይፈትናል? ክፍያው ከገንዘብ ወደ እህል የተቀየረባት ናት? ረጅም ዓመት የቆዩና አዲስ የገቡ ቤተሰቦች አብረው ይኖሩባታል? እሱን አግኚ። ኤክሰሉን ስትጨርሺ የመጨረሻውን ዓምድ እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።