የተኩስ ጃኬት ከመግዛትሽ በፊት አስለኪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የ14 ዓመት ልጅሽ እዚህ ጀርመን የተኩስ ክለብ ገብቷል። የሚተኩሰው በአየር ጠመንጃ፣ በ10 ሜትር ርቀት ነው። አሰልጣኙ ጃኬትና ሱሪ ግዙለት ብሏችኋል። የአዲሱ ዋጋ አስደንግጦሽ ያገለገለ አግኝተሻል። «ከውድድር በፊት ያለውን የልብስ ቁጥጥር ያልፍ ይሆን? ደግሞስ ያ ቱርካዊ በቲሸርት ተኩሶ ሜዳሊያ ወስዶ የለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ልብስ ለምንድን ነው?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ደቡብ ጀርመን ስተኩስ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ በውድድር ቀን የዕቃ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ላይ አግዛለሁ።

ያገለገለውን ግዢ። ግን ሳይለካ ብር እንዳትከፍዪ።

መጀመሪያ ስለ ቱርካዊው። ዩሱፍ ዲኬች በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ከሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር የብር ሜዳሊያ ያገኘው በሽጉጥ ነው። በሽጉጥ ውድድር ሰውነትን የሚደግፍ ጃኬት አይፈቀድም። ስለዚህ ቲሸርት መልበሱ የተለየ ጀግንነት አልነበረም። ጠመንጃ ግን ሌላ ነው። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ እስከ 5.5 ኪሎ ይመዝናል። ተኳሹ ወደ ኋላ ዘመም ብሎ ይቆምና ክብደቱን ሁሉ ወገቡ ላይ ያሳርፋል። ትልልቆቹ እንዲያ ቆመው 60 ጥይት ይተኩሳሉ። ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ወገብ ይሄ ቀላል ሸክም አይደለም። ጃኬቱ የተፈቀደው ለዚህ ነው፤ እኔም ልጅሽ ያለ ጃኬት ብዙ እንዲለማመድ አልመክርም።

ችግሩ ጃኬቱ መደገፉን አልፎ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ሲያቆመው ነው። ኢላማው መሀል ያለችው አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ሰውነት ትንሽ ሲወዛወዝ ነጥብ ይሄዳል። ጃኬቱ እንደ ሳንቃ ከደረቀ ግን የሚተኩሰው ልብሱ እንጂ ልጁ አይሆንም። የውድድር ልብስ ደንቡ ቁጥሮች ሁሉ የመጡት ከዚህ ነው። ለእኔ ፍትሐዊ ደንብ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው መረጋጋትን ከሱቅ ገዝቶ እንዳይመጣ ይከለክላል።

አሁን ወደ ልኬቱ። የጨርቁ ውፍረት በነጠላው ከ2.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የሚለካውም በእጅ ጨብጦ አይደለም፤ መሣሪያው በ5 ኪሎ ክብደት ተጭኖት ነው። ያገለገለ ጃኬት እዚህ ላይ ብዙም አይወድቅም። የሚወድቀው በድርቀት፣ ማለትም ጨርቁ አልታጠፍም ሲል ነው። ጨርቁ ሳይጨማደድ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቀለበት ላይ ይዘረጋል። ከላይ የ1 ኪሎ ክብደት ይቀመጥበታል። ጨርቁ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መርገብ አለበት። 2.9 ካለ ወደቀ፤ «ትንሽ ናት፣ ይለፍ» የሚባል ነገር የለም። ጀርባው፣ ደረቱ፣ ጎኑ፣ እጅጌው፣ ዳኛው የፈለገውን ቦታ ይለካል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። የጃኬቱ ሸራ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። አንድ የክረምት ጠዋት አንዲት ልጅ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ጃኬት ይዛ መጣች። ስንለካው ጀርባው 2.8 አሳየ። እናቷ ፊቷ ጥቁር አለ። ዳኛው ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ስቀሉትና መልሳችሁ አምጡት አላቸው። ሲመለስ 3.1 ሆነ፤ አለፈች። ግን እንዲህ በጠርዝ ላይ የሚኖር ጃኬት እንቅልፍ ይነሳል፤ ምክንያቱም ከተኩስ በኋላም ሊለካ ይችላል። ያኔ ከወደቀ ውጤቱ ይሰረዛል። ስለዚህ 3.3 ወይም ከዚያ በላይ የሚያሳይ ፈልጊ። ብዙ የተለበሰ ጃኬት ስለሚለሰልስ ያገለገለ መሆኑ እንዲያውም ይጠቅምሻል። የድሮ የቁጥጥር ማኅተም አለበት ብለሽ ግን አትዘናጊ። ማኅተሙ ያኔ ማለፉን እንጂ ዛሬ ማለፉን አይናገርም።

ከድርቀቱ ቀጥሎ ስፋቱን እዪ። ጃኬቱ ከተቆለፈ በኋላ አንዱን ጎን በሌላው ላይ ሲስቡት ከቁልፉ ቦታ ቢያንስ 70 ሚሊ ሜትር አልፎ መሄድ አለበት። አጥብቆ መታጠቅ እንዳይኖር ነው። በ14 ዓመት ልጅ ደግሞ በአንድ በጋ ትከሻው ይሰፋል። ዛሬ ልክ የሆነው በገና ይጠበዋል። ቁልፎቹን ማዛወር ስለሚቻል ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ያለውን ምረጪ። ከውስጥ ወፍራም ሹራብ እንዳትደርቢለት፤ የውስጡ ልብስም ለብቻው ሲለካ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ጂንስም ከሱሪው ስር አይለበስም።

ጫማውን አሁን አትቸኩዪበት። ሲገዛ ግን ሶሉ ከ10 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥና በደንብ መተጣጠፉን እዪ። በደረቅ ጫማ እንደ ዳክዬ መራመድም ቀርቷል፤ ሜዳው ላይ በተረከዝና በጣት እንደ ሰው መሄድ ግዴታ ነው። ጓንት ግን አዲስ ግዢለት፤ ያን ያህል ውድ አይደለም፣ ጠመንጃውን ለሚደግፈው እጁም ምቾት ይሰጠዋል።

ጠመንጃው የክለቡ ስለሆነ ለጊዜው አያሳስብሽ። ወደፊት ያገለገለ ልትገዢ ካሰብሽ ግን መጀመሪያ የአየር ሲሊንደሩን፣ የታመቀውን አየር የሚይዘውን ቱቦ፣ ቀን አንብቢ። አምራቹ የወሰነለት የአገልግሎት ጊዜ ያለፈበት በውድድር አይፈቀድም፤ መተኪያው ደግሞ ርካሽ አይደለም። የጠመንጃው አምራች ቫልተርም ሆነ ፋይንቬርክባውም ሆነ አንሹትዝ፣ ቀኑን ማየት አይቀርም። የቃታው ክብደት፣ ማለትም ቃታውን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል፣ በአየር ጠመንጃ አይመዘንም። 

ሻጩን «መልሼ ማምጣት እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂው። ካልፈቀደ ጃኬቱን ይዞ ክለባችሁ ድረስ ይምጣና እዚያ ይለካ። ክለቡ መለኪያ ባይኖረው እንኳ የአካባቢው የተኩስ ማኅበር አይጠፋውም፤ አሰልጣኙ የት እንዳለ ያውቃል። የልጅሽ የዕድሜ ክፍል የተለየ ነገር ካለውም እሱን ጠይቂው። የቁልፉን መስመርና የጀርባውን ፎቶ ከላከልሽ ደግሞ እዚሁ ለጥፊው፤ ቢያንስ ስፋቱን አይቼ እነግርሻለሁ።