አንዷ «ይቆይ» አለች፣ ሌላዋ «ይሂድ»

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ነው። እህቴ ስትሞት ልጇ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሰባት ሞልቶታል። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አባቱ ዘወር ብሎ አላየውም፤ ቴሌብር መላክም ካቆመ ዓመት ሆነው። አሁን ልጄን ብሎ መጣ። የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ቤቴን አይታ «ካንቺ ጋር ይቆይ» አለች። በስድስት ወሩ የተተካችው ደግሞ «መብቱ የአባት ነው፤ ለሦስት ወር ይሂድና እናያለን» አለች። ሕጉ እንደ ሰዉ ይለያያል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። የሚለያየው አያያዙ ነው። አንዷ ቤትሽን አየች፣ ሌላዋ «አባት» የሚለውን ቃል። እኔ በያዝኩት አንድ ጉዳይ ያንኑ አንድ ክፍል ቤት አንዱ ሪፖርት «ጠባብ» ሲለው ሌላው «ንጹሕና በቂ» ብሎታል። በመሃሉ አራት ወር አለፈ እንጂ ግድግዳው አልተነቃነቀም።

እናት ስትሞት አሳዳሪው በሕይወት ያለው አባት ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃኑን ደኅንነት ያስቀድማል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በ2000 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 23632 የአንቺን በሚመስል ጉዳይ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። ቶሎ ደስ አይበልሽ፤ መዝገብ ሁሉ በራሱ ማስረጃ ነው የሚታየው።

እኔን ያሳሰበኝ «ለሦስት ወር ይሂድ» የሚለው ነው። ፈርመሻል አይደል? ስለ ፊርማ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ነገሩን አውቀዋለሁ። ቢሮ ውስጥ ወረቀት ይቀርባል፤ «መስማማታችሁን ለማረጋገጥ ያህል ነው» ይባላል። ሰው እዚያ መጨቃጨቅ ያፍራል፤ ሳያነብ ይፈርማል። ልጁ ይሄዳል፣ አዲስ ትምህርት ቤት ይገባል። ኋላ ፍርድ ቤት ስትቀርቢ ያ ወረቀት ይወጣል፦ «በፈቃዷ አስረክባለች።» ሦስት ወር የሚለው ጭራሽ ላይጻፍ ይችላል። ባለሙያዋ አስተያየት ትሰጣለች እንጂ ዳኛ አይደለችም። ካልተስማማችሁ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ፊርማሽ ግን ተስማምተሻል ያሰኛል።

ደግሞ «አላየውም» ብለሽ «ቴሌብር ካቆመ» ትያለሽ። ይልክ ነበር ማለት ነው! ማስረጃው ስልኩ ላይ አለ። እንዲህ ያለውን ከጠበቃሽ አትደብቂ።

የመጀመሪያዋን ሪፖርት ማኅተም ያለው ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ከፈረምሽ የፈረምሽውንም። የእህትሽን የሞት ማስረጃ፣ የልጁን የክትባትና የትምህርት ቤት ካርድ ሰብስቢ። ልጁን ዘመድ ቤት አታሽሺው፤ በወንጀል ሊያስጠይቅሽ ይችላል። ሰነዱን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ጠበቃ አነጋግሪ። እስከዚያ ሌላ ወረቀት ቢያቀርቡልሽ «ላስነብበው» በይና ሳትፈርሚ ውጪ።