«ፓኬማ» የሚባል ሰዓት የለም

«አባቴ በ1980 ዓ.ም. ሌኒንግራድ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ እጁ ላይ የነበረ ሰዓት ነው። አሁን አይሠራም። ፊቱ ላይ ‹ፓኬማ› ይላል፤ ከግርጌው ደግሞ ‹ሲሲሲፒ› የሚል አለ። እንዲህ የሚባል ፋብሪካ ፈልጌ አጣሁ። በ12 ቁጥር ቦታ ዜሮ ስላለበት አንድ ሰዓት ሠሪ ‹ፎርጅድ ነው፤ ውስጡን አውጥቼ የባትሪ ማሽን ልግጠምልሽ› አለኝ። ምን ላድርግ?» ጠያቂ፣ ከአዳማ

እህቴ፣ ሰዓቱ ሰዓት ሠሪው ቤት ከቀረ ዛሬውኑ ሄደው ይውሰዱት። የባትሪ ማሽን ከገባበት ከአባትዎ ሰዓት የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው። የወጣው ማሽን ለመለዋወጫ ከተበተነ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ስሙን ያጡት በላቲን ፊደል ስላነበቡት ነው። ጽሑፉ ሩስያኛ ነው። ፒ የምትመስለው የእነሱ «ር» ናት፤ ኤም መስላ የታየችዎት ደግሞ በእጅ ጽሑፍ አጣጣል የተጻፈች «ት» ናት። ስለዚህ «ራኬታ» ነው የሚለው፣ ሮኬት ማለት ነው። ሲ የምትመስለው ደግሞ የእነሱ «ስ» ስለሆነች «ሲሲሲፒ» ያሉትም በእነሱ አነባበብ ኤስኤስኤስኤር፣ የሶቪየት ኅብረት ምህጻረ ቃል ነው። እኔ ጋ «ቦክሞክ» ይዤ መጣሁ ያለ ደንበኛ ነበር፤ ሌላው የሶቪየት ሰዓት፣ ቮስቶክ ሆኖ ተገኘ።

ራኬታ የሚሠራው ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) አጠገብ፣ ፔትሮድቮሬትስ (የዛሬዋ ፒተርሆፍ) በሚገኘው ፋብሪካ ነው። ስሙ የወጣለት በ1961 እ.ኤ.አ. ለተደረገው የዩሪ ጋጋሪን የጠፈር በረራ መታሰቢያ ነው። አባትዎ ይማሩበት ከነበረው ከተማ ብዙም ሳይርቅ የተሠራ ሰዓት ነው ማለት ነው። ዜሮውም የፎርጅድ ምልክት አይደለም፤ ፋብሪካው 0፣ 3፣ 6 እና 9 በትልልቁ የተጻፈበት የታወቀ ሞዴል አለው። እኛ ስድስት ሰዓት በምንልበት ቦታ ዜሮ ተቀምጦ አባትዎ በየቀኑ ሲያነቡት መኖራቸውን ሳስበው ሰዓቱን ይበልጥ ወደድኩት።

ነገር ግን የሰዓት ፊት በቀላሉ እንደገና ይቀባል፤ ባለዜሮው ሞዴልም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ግርጌው ላይ ያለውን «ኤስኤስኤስኤር» በማጉያ መነጽር ይዩት። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ጥርት ካለ ጥሩ ነው፤ የተዝረከረከ ቀለም ከሆነ ከጊዜ በኋላ የተቀባ ሊሆን ይችላል።

እውነቱን የሚነግረን ማሽኑ ነው። የጀርባ ክዳኑን ራስዎ አይክፈቱ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በቢላ ስከፍት አዳልጦኝ የባላንስን፣ ማለትም የሰዓቱን ምት የሚጠብቀውን ተወዛዋዥ መንኮራኩር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ አጣምሜያለሁ፤ ያ ሰዓት ከዚያ በኋላ ልክ ሆኖ አያውቅም። ባለሙያው እርስዎ እያዩ ይክፈተው፣ እርስዎ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሰዓቱ ሲሠራ ወዲያ ወዲህ ከሚወዛወዘው ባላንስ አጠገብ ወይም ከሥሩ አራት አኃዝ ይፈልጉ። በሶቪየት አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የማሽኑ ስፋት በሚሊሜትር ናቸው፤ ቀጣዮቹ ሁለቱ ምን ምን እንዳለው ይናገራሉ። 2609 ካለ 26 ሚሊሜትር፣ ሰከንድ ቆጣሪው መሀል ላይ የሆነ፣ ከምት መከላከያ ያለው፣ ቀን የማያሳይ ማሽን ነው፤ የራኬታ ዋነኛ ማሽን ይኸው ነው። ቀንና ዕለት የሚያሳየው 2628 ነው። 2409 ካገኙ ግን የቮስቶክ ማሽን ነው፤ ያኔ አንድ ሰው ቀያይሮታል ማለት ነው። ቅርፊቱ ላይ ኤዩ 10 ወይም ኤዩ 20 የሚል ካለ የወርቅ ቅቡ ውፍረት በማይክሮን ነው፤ ሰዓቱ ሙሉ ወርቅ ነው የሚልዎትን አይመኑ።

አይሠራም ላሉት፣ መሙያውን በቀስታ ያዙሩት። መጨረሻ ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ሞላ ሳይበጠስ አይቀርም። ጠጥሮ ከቆመና ሰዓቱ ካልተነሣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ነው፤ አያስገድዱት፣ ተፈትቶ ታጥቦ ዘይት ይቀየርለት። እነዚህ ሰዓቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስለተሠሩ ከአሮጌ ራኬታ የሚወጣ መለዋወጫ ይገኛል። መስታወቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭረቱ በቀላሉ ይለሰልሳል። ፊቱን ግን ማንም እንዳይነካው፣ ቢደበዝዝም እንኳ።

አንድ ነገር ደግሞ የአባትዎን ወረቀቶች ይበርብሩ። የሶቪየት ሰዓት ሲሸጥ «ፓስፖርት» የሚባል ትንሽ ደብተር አብሮ ይሰጥ ነበር፤ የሱቁ ማኅተምና የተሸጠበት ቀን ይጻፍበታል። ከዲፕሎማቸው ወይም ከድሮ ደብዳቤያቸው መሀል ከተገኘ ሰዓቱ የተገዛበትን ቀን ከእነ ወሩ ያውቁታል።