አደይ አበባ ስንት ቀን ይቆያል?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የዲኮር ሥራ ልትጀምር ነው፤ መነሻ ገንዘብ ግን የላትም። «የፕላስቲክ አበባ ከምገዛ ከሜዳ ለቅሜ ብሠራስ? አደይ ተቆርጦ ስንት ቀን ይቆያል?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነበር። በቅጡ ሳልመልስላት ስልኩን ዘጋሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐሳቤ ሁሉ 1981 ዓ.ም. ላይ ነበር።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ትልቅ አዳራሽ አስጌጭ ነበርኩ። ዕድሜዬ 26 ነው። ከመስቀል በኋላ ለውጭ እንግዶች የእራት ግብዣ ተያዘ። አለቃዬ «አዳራሹ ቢጫ በቢጫ ይሁን» አለኝ። ፒክአፕና አራት የቀን ሠራተኞች ይዤ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ገባሁ።

በመስከረም መጨረሻ ሱሉልታን ያየ ያውቀዋል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው ሁሉ አደይ ለብሶ፣ ዓይን ይሞላል። አንድ ቁልቁለት ላይ ቆምን። ከበላዩ አንዲት የሣር ክዳን ቤት አለች። አጠገቧ ካለው ዛፍ ላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል፤ አምስት ይሁኑ ስድስት አላስታውስም። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ፈቃድ ጠየቅኳቸው። «ለእንግዳ ከሆነ ምን ከፋ፣ ውሰዱ» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ «ሁሉንም ነው እንዴ ልጄ?» አሉ።

«አባባ፣ ሣር አይደል? ነገ ይበቅላል» አልኳቸው።

ይቺን መልሴን እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ቁልቁለቱን ላጨነው። ማጭድ ያልያዘውን በእጅ ነቀልነው። ፒክአፑ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። የቆረጥነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ውኃ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ማታ እንግዶቹ ሲገቡ ግማሹ አበባ አንገቱን ደፍቷል። እኩለ ሌሊት ላይ የጽዳት ሠራተኞቹ በማዳበሪያ ከረጢት እየጠቀጠቁ ሲያወጡት ቆሜ አየሁ። አለቃዬ ግን አመሰገነኝ።

ኅዳር ላይ ማር ልገዛ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ንብ የመስከረሙን አበባ ቀስሞ ማሩ የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው። እናቴም ለጥር ሠርግ ጠጅ የምትጥለው በኅዳር ማር ነበር። ጋኑን በወይራ ስታጥን ሽታው ግቢውን አልፎ መንገድ ይወጣል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከሩቅ እናውቀው ነበር። እና ያንን ማር ፈልጌ ነው የሄድኩት።

ሽማግሌው አንዱን ቀፎ አውርደው አሳዩኝ። ባዶ ነው። «ንቡ ሄደ» አሉ። አልተቆጡም፤ ሌላም አልጨመሩም።

ንብ ሩቅ በርሮ እንደሚቀስም ዛሬ አውቃለሁ። ቀፎውን ጥሎ የሚሄድበትም ምክንያት ብዙ ነው፤ ጉንዳን ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ግን ወደ ቁልቁለቱ ዞሬ ማየት አቃተኝ። ይቅርታም አልጠየቅኳቸውም። «ማር ልገዛ ነበር» ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

በዓመቱ በዚያ ሳልፍ ዙሪያው ቢጫ ነው። የእኛ ቁልቁለት ላይ ግን እዚህም እዚያም ጥቂት አበባ ብቻ ነበር። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው። እኛ ዘሩን ሳይጥል ጨረስነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የግንብ አጥር ቆሟል። ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ስለዚህ አደይን ተዉት ልላችሁ ነበር። ግን እኔም ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶቹ ይዘው የሚመጡትን እቅፍ ተቀብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ያለ እሱ ዓመቱ የገባ አይመስለኝም። በማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ተቆርጦ ወዲያው ውኃ ውስጥ ከገባ ጥቂት ቀን ያገለግላችኋል። ለደረቅ ጌጥ ግን አይሆንም፤ ይኮማተራል።

ለደረቅ ሥራ ስንደዶ አለላችሁ። አያቶቻችን ተልትለው፣ ቀለም ነክረው አለላ የሚያደርጉት፣ ሞሰብ የሚሰፉበት ያው ስንደዶ። ዘለላው መበተን ሳይጀምር በማጭድ ቁረጡት። ሥሩን አትንኩት፤ ሥሩ ካለ በሚመጣው ክረምት ይመለሳል። ጭብጥ ጭብጥ አድርጋችሁ እሰሩና ፀሐይ በማይገባበት፣ ነፋስ ባለበት ክፍል ቁልቁል ስቀሉት። በሁለት ሦስት ሳምንት ይደርቃል። አንድ እቅፍ ስንደዶ በሸክላ እንስራ ውስጥ ግድግዳ ጥግ ብታቆሙት ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ከተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠልም አለ፤ ክብ ነው፣ ብርማ ነው። የእንጦጦ ሴቶች በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ቅጠል ውጭ አገር አበባ ቤት ውስጥ በገንዘብ ይሸጣል። እሱን ባለቤቱን ጠይቃችሁ ሳትሳቀቁ ቁረጡ። ቅልና የማሽላ ዘለላ ከገበያ ይገኛል።

አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ስልካችሁ ላይ የፈረንጆቹን መጸው እያያችሁ ቤታችሁን በቀይ የሜፕል ቅጠል፣ ያውም በፕላስቲክ፣ ትሞላላችሁ። የእኛ መጸው ቀይ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን፣ ትላቸዋለች። ደጃችሁ ያለውን ሳታዩ የሰው አገር ቅጠል ታሳድዳላችሁ። ትዕግሥትም የላችሁም እል ነበር። ግን ይቺ ልጅ ከመቁረጧ በፊት ደውላ ጠየቀች። እኔ በእሷ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም፤ የጠየቁኝንም አልሰማሁም።

ለደወለችው ልጅ፦ እንደዚያ ስልኩን ስለዘጋሁብሽ ይቅርታ። ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ስንደዶ ልናጭድ እንሄዳለን። ማጭድ እኔ ጋ አለ፤ አንቺ ገመድ ይዘሽ ነይ። የሜዳውን ባለቤት አነጋግሬያቸዋለሁ። ምን ያህል እንደምንቆርጥ እሳቸው ቆመው ያሳዩናል።