ክለባችንን የሚያሳንሰው ድምፅ የወንድሜ ነው

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው በሀዋሳ ከተማ ነው፤ የምተዳደረውም በአነስተኛ ንግድ ነው። የሀዋሳ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ የሆንሁት ተማሪ ሳለሁ ሲሆን፣ ክለቡ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን የነበረውን ደስታ ከሕይወቴ ታላላቅ ቀናት ጋር አብሬ እቆጥረዋለሁ። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያስወጣው የእኛ ክለብ ነው። ዛሬ ግን በሬዲዮ ስለ ሊጉ ታሪክ ሲወራ ይህ ጉዳይ እንደ ዋዛ ይታለፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነሣም።

ቅሬታችን ይህ ብቻ አይደለም። ትልቅ የሚባል የአዲስ አበባ ክለብ ስናሸንፍ ወሬው ሁሉ ተጋጣሚያችን ስለምን እንደተዳከመ ነው፤ ስንሸነፍ ደግሞ ስለ እኛ ጨርሶ አይወራም። አዳነ ግርማ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ያስቆጠረው ጎል በተነሣ ቁጥር፣ ወይም የሽመልስ በቀለ ስም በተጠራ ቁጥር፣ ሁለቱም ከሀዋሳ የወጡ መሆናቸውን የሚያስታውስ ጋዜጠኛ አላጋጠመኝም ማለት እችላለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የስፖርት ጋዜጠኛ ሆኖ ተቀጥሯል። ሥራውን ሲጀምር እኔና ጓደኞቼ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብለን ደስ ብሎን ነበር፤ ከእንግዲህ ክለባችን የሚያውቀው ሰው ስለሚዘግብለት አይጨቆንም ብለን አሰብን። ነገር ግን በቅርቡ ከአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ጋር ባደረግነው ጨዋታ ኳስ የተከላካያችንን ክንድ ነክታ ዳኛው ጨዋታውን ሲያስቀጥል፣ ወንድሜ በማግስቱ በፕሮግራሙ ላይ «ፍፁም ቅጣት ምት መሰጠት ነበረበት፤ ሀዋሳዎች አንድ ነጥብ በዳኛው ቸርነት ይዘው ሄደዋል» ሲል ተናገረ። ኳሷ ከተከላካዩ ጉልበት ተመልሳ ክንዱን እንደመታች እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ስታዲየም ገብቼ ነው የተመለከትሁት፤ እርሱ ግን አዲስ አበባ ሆኖ በቴሌቪዥን ነው ያየው።

ከዚያ ወዲህ ደውሎልኝ አላነሣሁም። በደጋፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለ እርሱ የሚጻፈው ስድብ እኔም እናታችንም ጆሮ ይደርሳል፤ እናታችንም ታምማለች ባልልም ከልቧ አዝናለች። አሁን የግሩፑ አስተባባሪዎች ለጣቢያው የሚላክ ደብዳቤ አዘጋጅተዋል። ደብዳቤው ወንድሜ ከእንግዲህ የሀዋሳን ጨዋታ እንዳይዘግብ ይጠይቃል፤ ወንድሙ ስለሆንሁም ከላይ የእኔ ፊርማ ቢሰፍር ክብደት ይኖረዋል ብለው ሰጥተውኛል። ልፈርም ወይስ ልተው? ክለቤንም ወንድሜንም መክዳት አልፈልግም።

ታናሹን ያኮረፈ፣ ከሀዋሳ

መልስ

ውድ አንባቢያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እኔ የአዳማ ከተማ ደጋፊ መሆኔን ልንገርዎ፤ ምክሬን በዚያ መዝነው ይቀበሉት። ክለቤ የሊጉን ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም። አዳማ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ሚዲያ ስናማርር ደግሞ ከምናነሣቸው ነገሮች አንዱ «ለሀዋሳ የሚሰጠው ሽፋን እንኳ ለእኛ ቢሰጠን» የሚል ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ ፈገግ ያልሁት ለዚህ ነው፤ ቅሬታዎን ለማቃለል ግን አይደለም።

ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ክሶች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ክለባችሁ ሽፋን ተነፍጓል የሚል ነው፤ በዚህኛው ብዙ እውነት አለ ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው ወንድምዎ ስለ አንድ ፍፁም ቅጣት ምት የሰጠው አስተያየት የአድልዎ ማስረጃ ነው የሚል ነው፤ ይህንን ግን አልቀበልም። የግሩፑ ደብዳቤ ደካማውን ክስ ከፊት አስቀድሞ ጠንካራውን ከኋላ ስለደበቀው ጣቢያው በቀላሉ ሊጥለው ይችላል።

ከጠንካራው ልጀምር። እናንተ በ1999 ዓ.ም. ዋንጫውን ካነሣችሁ በኋላ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. እስኪወስደው ድረስ የሊጉ ሻምፒዮኖች በሙሉ የአዲስ አበባ ክለቦች ነበሩ። ዛሬ ከማይክሮፎን ጀርባ ከተቀመጡት ጋዜጠኞች ብዙዎቹ እግር ኳስን የተማሩት በእነዚያ ዓመታት ነው። የብዙ ጣቢያዎች ስቱዲዮ አዲስ አበባ ነው፤ የማስታወቂያ ገንዘቡም የሚገኘው በአብዛኛው እዚያው ነው፤ እጅግ ብዙ ደጋፊ ያላቸው ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡናም የዚያው ከተማ ክለቦች ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በቀጥታ በቴሌቪዥን መተላለፋቸውና በተመረጡ ከተሞች መካሄዳቸው ደግሞ፣ ለተመልካች የጠቀመውን ያህል፣ ጋዜጠኛው ከስቱዲዮው ሳይወጣ እንዲዘግብ ምክንያት ሰጥቶታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም በሀዋሳ ላይ ያሤረ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ተንኮል የሌለበት አድልዎም አድልዎ ነውና ዝም በሉ አልልዎትም።

ወደ ክንዱ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፕሪንስተንና የዳርትመዝ ኮሌጆች ቡድኖች በአሜሪካ እግር ኳስ ተጋጥመው ነበር። ጨዋታው ሻካራ ስለነበር የአንዱ ቡድን ኮከብ አፍንጫው፣ ከሌላኛው ቡድን ደግሞ አንድ ተጫዋች እግሩ ተሰበረ። ሐስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሁለቱን ኮሌጆች ተማሪዎች አንዱን ፊልም አሳይተው ጥፋቶቹን ሲያስቆጥሯቸው፣ የፕሪንስተን ተማሪዎች የዳርትመዝ ተጫዋቾች ፈጸሙት ብለው የቆጠሩት ጥፋት የዳርትመዝ ተማሪዎች ራሳቸው ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ያየውን ነው የተናገረው። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ስለ መካከለኛው ምሥራቅ አንድ ዓይነት የቴሌቪዥን ዘገባ የተመለከቱ የእስራኤል ደጋፊዎችና የአረቦች ደጋፊዎች፣ ሁለቱም ዘገባው በእነርሱ ወገን ላይ ያደላ ነው ማለታቸውን አሳይቷል። ስለ ጉዳዩ ብዙ እናውቃለን የሚሉት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ አድልዎውን አጉልተው አዩት። እርስዎ ከተማሪነትዎ ጀምሮ ደጋፊ መሆንዎን የጻፉልኝ እንደ ማስረጃ ነው፤ በዚህ ጥናት ሲታይ ግን ለጥንቃቄ የሚያነሣሣ ነገር ነው።

በዚያ ላይ የጨዋታው ሕግ ራሱ ለክርክር በሩን ክፍት ትቶታል። ክንድን የነካ ኳስ ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ተከላካዩ ክንዱን ዘርግቶ ሰውነቱን ከተፈጥሯዊ ሁኔታ ውጭ አስፍቶታል ወይ ብሎ የሚፈርደው ዳኛው ነው። ኳሷ አስቀድማ ጉልበቱን መንካቷ ለተከላካዩ የሚያግዝ ነገር ነው፤ በራሱ ግን ጉዳዩን አይዘጋውም። ስለዚህ ወንድምዎ በተሳሳተ ጊዜ እንኳ የተሳሳተው በአስተያየት ነው። «በዳኛው ቸርነት» የሚለው አባባል ከልክ ያለፈ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ፤ እርሱንም ቢነግሩት ይገባዋል። ነገር ግን ለክለባችሁ የማይመች አስተያየት የሰጠ የሀዋሳ ልጅ ካባረራችሁ፣ በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ አዳነና ሽመልስ ከየት እንደወጡ የሚያውቀውን ሰው በእጃችሁ አስወጣችሁ ማለት ነው። የሚተካውም የሀዋሳን ጨዋታ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ ይሆናል።

ይልቅ ለግሩፑ ሌላ ሥራ ይስጡት። የጣቢያውን የስፖርት ፕሮግራም ለጥቂት የጨዋታ ሳምንታት እየቀረጻችሁ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከእናንተ ጋር ተቀራራቢ ለሆነ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ስንት ደቂቃ፣ ለሀዋሳ ስንት ደቂቃ እንደተሰጠ መዝግቡ። ከጨዋታ በኋላ የማን አሠልጣኝ እንደተጠየቀና የማን እንዳልተጠየቀም ጻፉ። ቅጽሎችን አትቁጠሩ፤ «ጠንካራ» እና «ዕድለኛ» የሚሉ ቃላት ላይ ስትከራከሩ ትውላላችሁ። ስለ ሻምፒዮንነታችሁ የተሳሳተ ዓመት ከተነገረ ግን ያንን በቀኑና በሰዓቱ ይዛችሁ እርማት ጠይቁ፤ የመረጃ ስሕተት ሲሆን ጣቢያው ሊያመልጥ አይችልም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢዘጋጅ ይፈርሙ፤ ምናልባት ወንድምዎም ለአለቆቹ ሊያሳየው የሚደሰትበት ወረቀት ይሆናል። ጋዜጠኛ ሆኖ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ስለ ከተማው ተጨማሪ ደቂቃ ሲጠይቅ «ለአገርህ ታደላለህ» መባሉ አይቀርም፤ ከእናንተ ወገን የሚመጣበትን ክስ ብቻ ስለምትሰሙ ይህ ላይታያችሁ ይችላል።

ስልኩን በተመለከተ፣ ይደውሉለት፤ ታላቅ እርስዎ ነዎት። ስለ ክንዱ ጉዳይ አስቀድመው አያንሡ፤ ስድቡ እናታችሁ ጆሮ መድረሱን ንገሩትና በግሩፑ ውስጥ ስድቡን ለማስቆም ምን እንዳደረጉ ወይም ምን እንደሚያደርጉ አብረው ይግለጹለት። ጨዋታው ከተነሣ ምስሉን የተንታኞቹን ድምፅ ዘግታችሁ አብራችሁ ተመልከቱት። ላትስማሙም ትችላላችሁ።

ደብዳቤውን ሳይፈርሙ ለአስተባባሪዎቹ ይመልሱላቸው፤ ያልፈረሙበትንም ምክንያት እዚያው ግሩፑ ውስጥ በጽሑፍ ያስፍሩ። ዝም ብለው ከመለሱት ለወንድምነት ብለው እንደተዉት ይቆጠርብዎታል፤ ስለ ደቂቃዎቹ የሚያቀርቡትንም ሐሳብ ማንም አይሰማዎትም።

የአምዱ አዘጋጅ